ልጄን እማዬ ጋር ልኬ አዲስ አበባ ላስተምረው?

የባቢ እናት (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ አምስት ዓመቱ ነው፣ እዚሁ ነው የተወለደው። እኔ ማታ እሠራለሁ፣ አባቱ ቀን። እማዬ «አምጪልኝ፣ እኔ አሳድገዋለሁ» ብላ ወጥራ ይዛኛለች። ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) ይወጣለታል? ትምህርት ቤቶቹስ የአሜሪካ ፓስፖርት ያለውን ልጅ በዶላር ነው የሚያስከፍሉት?

የሎስ አንጀለሱ፦
እህቴ፣ ይሄን ነገር ከኛ በፊት ጃፓኖች አድርገውታል። እዚህ ካሊፎርኒያ ባልና ሚስት እርሻ ላይ ሲለፉ ይውላሉ፣ ልጅ የሚይዝላቸው የለም። ስለዚህ ልጆቻቸውን ጃፓን፣ ሂሮሺማና ዋካያማ ላሉ አያቶች ይልኩ ነበር። ወጪው ይቀላል፣ ቋንቋውም አይጠፋም። ተምረው የተመለሱትን ኪቤይ ይሏቸዋል። ጣጣው የመጣው ሲመለሱ ነው። እንግሊዝኛው አልሆን አላቸው፤ እዚህ ካደጉት ወንድሞቻቸው ጋር እንኳ መግባባት አቃታቸው። አሜሪካና ጃፓን ጦርነት ገጥመው እ.ኤ.አ. በ1942 የአሜሪካ መንግሥት ወደ 120,000 የጃፓን ተወላጆችን ካምፕ ሲያጉር፣ እዚህ ከተወለዱት ውስጥ ይበልጥ የተጠረጠሩት እነሱ ናቸው። ደግሞ የሚገርመው፣ ሠራዊቱ ተርጓሚ ሲቸግረው የሮጠውም ወደነሱ ነው! ለምሳሌ ካርል ዮኔዳ የሚባለው ኪቤይ እዚህ ካሊፎርኒያ፣ ግሌንዴል ተወልዶ ሂሮሺማ የተማረ ነው። ማንዛናር ካምፕ ታጉሮ ሳለ ተመዝግቦ ለአሜሪካ ጦር ተርጓሚ ሆኖ ዘመተ።

ዳላስ ነኝ፦
ጋሼ፣ እሷ ቢጫ ካርድ ብትል እርስዎ ጦርነት ገቡ 😂 እህቴ፣ ካርዱ አያስቸግርም፤ ወላጁ ወይም አያቱ ኢትዮጵያዊ ለነበረ ይወጣል። የትምህርት ቤቱን ክፍያ አላውቅም።

ያያቱ ልጅ፦
እኔን አያቴ ናት ያሳደገችኝ። አማርኛዬ ይኸው፣ ምስጋና ለሷ። ግን በአሥራ ስድስት ዓመቴ ስመጣ፣ ኤርፖርት ላይ እናቴን «እንደምን ነዎት?» አልኳት። እሷ አለቀሰች፣ እኔ ደግሞ ምን እንዳጠፋሁ አልገባኝም።

ዳላስ ነኝ፦
ወይኔ! ቢሆንም ዛሬ ቪዲዮ አለ። ጋሼ የሚሉት ዘመን አልፏል።

የሎስ አንጀለሱ፦
አልፏል? እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1941 ጦርነቱ ሲፈነዳ መመለሻ ጠፍቶ ከተላኩት ልጆች ሺዎቹ እዚያው ጃፓን ቀሩ። ወንዶቹን የጃፓን ጦር መለመላቸው። ቦምቡ ሂሮሺማ ላይ ሲወድቅም አሜሪካ የተወለዱ ልጆች ከተማው ውስጥ ነበሩ። ጥቅምት 2013 ትግራይ ስልክ ሲቆረጥ ልጁ እዚያ የነበረ ወላጅ ቪዲዮው ምን ጠቀመው?

ዳላስ ነኝ፦
እሺ፣ እዚህስ ለሕፃናት ማቆያ የሚከፈለውን እርስዎ ይከፍሉላታል?

የሎስ አንጀለሱ፦
አገር ቤት ነጻ ነው ያለሽ ማነው? የወንድሜ ልጅ ሰርቪስ ብቻ…

ዳላስ ነኝ፦
የወንድምዎን ልጅ ከዚህ አልላኩትማ! ለዘመድ ገንዘብ መላክና የራስን ልጅ ማሳደግ አንድ ነው እንዴ?