ቤት ውስጥ ቀለም ላስቀባ ነው፤ ከባለሙያ ምን ልጠብቅ?

የመንታ እናት፦

ሰላም ሁላችሁም። እዚህ ቤት ከገባን ሰባት ዓመት ሆነን። እስካሁን አንድም ቀን ቀለም አስቀብተን አናውቅም። የሚቀባው ሳሎኑ፣ ኮሪደሩና ሁለት መኝታ ቤት ነው። ሳሎኑ 5 ሜትር በ4 ሜትር ነው፤ ከፍታው 2.7። ከመስኮቱ በላይ ኮርኒሱ ላይ ሳህን የሚያክል ቡናማ እድፍ አለ። ኮሪደሩን ደግሞ መንታዎቹ በከለር ጨርሰውታል። እጃቸው እስከደረሰበት ድረስ ነጭ ቦታ የለም።

ባለቤቴ እስከ ዛሬ "እኔው እቀባዋለሁ" ሲል ቆየ። ጊዜ ግን አላገኘም። ባለሙያ እንጥራ ተባባልንና ሁለት ሰዎች መጥተው አዩት። አንደኛው በሩ ላይ ቆሞ ዙሪያውን ቃኘና "ሁለት ቀን ይበቃዋል" አለኝ። ሁለተኛው ግማሽ ሰዓት ያህል ቆየ። ግድግዳውን በመዳፉ እየዳሰሰ ዞረ። እድፉን ቀና ብሎ አይቶ ከላይ ምን እንዳለ ጠየቀኝ። ከዚያ "ስድስት ቀን" አለ። የጠየቀውም ዋጋ የመጀመሪያው እጥፍ ነው።

ግራ የገባኝ እዚህ ላይ ነው። የአንድ ቤት ሥራ እንዴት ይህን ያህል ይለያያል? እቃውን የሚያወጣው ማን ነው? ልጆቹ ገና ሦስት ዓመታቸው ነው፤ ሥራው እየተሠራ ቤት ውስጥ መቆየት እንችላለን? ቅድሚያስ ምን ያህል ይሰጣል? ያስቀባችሁም የምትቀቡም ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።

ባለሩሎ፦

እህቴ፣ እኔ ቀለም ቀቢ ነኝ። 22 ዓመት በዚህ ሥራ ላይ አለሁ። ዋጋውን ተነጋገሪበት፤ ስድስት ቀን ያለሽን ሰው ግን አትልቀቂው።

ሁለት ቀን ያለሽ ሰው ያሰበው ቀለሙን ብቻ ነው። ቀለሙን ማሳረፍማ ቶሎ ያልቃል። ጊዜ የሚበላው ከዚያ በፊት ያለው ሥራ ነው። ግድግዳው ይታጠባል። የላላው የድሮ ቀለም በስፓቱላ ይፋቃል። ስንጥቅና ቀዳዳው በስቱኮ ይደፈናል፣ ይደርቃል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይታሻል። አቧራው ይጠረጋል። ፕራይመር፣ ማለትም ቀለሙ እንዲይዝ ከሥሩ የሚቀባው፣ ይቀባል። ቀለም የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ማታ አንድ ነገር ሞክሪ። የሳሎኑን መብራት አጥፊና ባትሪ ግድግዳው ላይ አስጠግተሽ ወደ ጎን አብሪ። እኔ ዋጋ ከመናገሬ በፊት ሁልጊዜ የማደርገው ነው። በቅርቡ አንድ መኝታ ቤት ገባሁ። በቀን ሲታይ ግድግዳው እንደ ወረቀት የለሰለሰ ይመስላል። መጋረጃውን ዘግቼ ባትሪውን ሳስጠጋ ሁሉም ጥላውን ጣለ። ሚስማር የተነቀለባቸው ቀዳዳዎች፣ ከድሮ ቀለም የወረደ ደረቅ ጠብታ፣ ከበሩ ጥግ ተነስቶ እስከ ኮርኒሱ የሚወጣ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ። ባለቤትየዋ አጠገቤ ቆማ "ይሄ ሁሉ እዚህ ነበር?" አለች። አዎ፣ ነበር። አዲስ ቀለም፣ በተለይ የሚያብለጨልጭ ከሆነ፣ ይህን አይደብቀውም፤ ያጎላዋል።

ያንን ቀጭን ስንጥቅ ላዩን በስቱኮ ብንለቀልቀው ተመልሶ ይወጣል። በስፓቱላ ጫፍ ሰፋ ተደርጎ ይከፈታል። ውስጡ ያለው አቧራ በፔኔሎ ይወጣል። ከዚያ ይሞላል። የሚንቀሳቀስ ዓይነት ስንጥቅ ከሆነ መረብ ይለጠፍበታል። ስቱኮ ሲደርቅ ደግሞ ይሰምጣል፤ ስለዚህ በማግስቱ ይደገማል። ለአንድ ስንጥቅ ሁለት ቀን ማለት ነው። ሰውየው ግድግዳሽን በመዳፉ የዳሰሰው ይህን እየቆጠረ ነው።

ስለ እድፉ አደራ። ዝም ብሎ ነጭ ቀለም ሊደርብበት የሚነሳ ሰው ካየሽ አስቁሚው። በውሃ የሚሟሟው ፕላስቲክ ቀለም እድፉን መልሶ ያረጥበዋል፤ ሲደርቅ ቡናማው ወደ ላይ ወጥቶ ታገኚዋለሽ። ሦስት እጅ፣ ማለትም ሦስት ጊዜ ደራርበሽ፣ ብትቀቢውም ያው ነው። መጀመሪያ ውሃው ከየት እንደሚመጣ ይታወቅና ይዘጋ። ቦታው በደንብ ይድረቅ። ከዚያ እድፍ የሚያፍን ፕራይመር ይቀባና ቀለሙ ይከተላል። ሻጋታም ካለ እንደዚሁ ነው። እርጥበቱ ካልተቋረጠ እኔም ሆንኩ ሌላ ሰው የምንቀባው አይበረክትም።

የቀለሙን መጠን አንቺም አስልተሽ ጠብቂ። የሳሎንሽ ዙሪያ 18 ሜትር ነው። በ2.7 ሲባዛ 48.6 ካሬ ይሆናል። ለበርና ለመስኮት 4 ካሬ ገደማ ቀንሺለት፣ 45 ካሬ በይው። አንድ ሊትር ቀለም ለስላሳ ግድግዳ ላይ ለአንድ እጅ 10 ካሬ ገደማ ይሸፍናል። ሁለት እጅ ሲሆን 90 ካሬ፣ ማለትም 9 ሊትር። ኮርኒሱ ለብቻው 20 ካሬ ነው፤ ለሁለት እጅ 4 ሊትር። ሻካራ ወይም ቀለም የሚጠጣ ግድግዳ ከዚህ በላይ ይፈልጋል። ጠቆር ያለ ግድግዳን ወደ ነጭ ለመቀየርም ሦስተኛ እጅ ሊያስፈልግ ይችላል። የሚነግሩሽ ቁጥር ከዚህ በጣም ከራቀ ምክንያቱን ጠይቂ። ጥሩ ባለሙያ ይህን ስትጠይቂው አይቆጣም።

የአንድ ክፍል ቀለም ከተለያዩ ቆርቆሮዎች ከሆነ ደግሞ በትልቅ ባልዲ አንድ ላይ ይደባለቅ። ቁጥሩ አንድ ሆኖ እንኳ ከቆርቆሮ ቆርቆሮ ትንሽ ይለያያል። ግድግዳው መሃል ላይ ቀለም ሲቀየር ማየት ያማል።

አምና ያስቀባሁ፦

ባለሩሎ ሥራውን በደንብ ነግሮሻል። እኔ የደረሰብኝን ልንገርሽ፣ አንቺ እንዳይደርስብሽ።

እኔ በቃል ነበር የተስማማሁት። "ሁለት እጅ ነው አይደል?" አልኩት፣ "አዎ" አለኝ። ለካ እሱ የቆጠረው ፕራይመሩን ጨምሮ ነው። ቀለሙ አንድ እጅ ብቻ ነበር ያረፈው። ጠዋት ፀሐይ ስትገባ የድሮው ቢጫ ከሥር ይታያል። ስነግረው "እንዳልሽው ሁለት እጅ ነው" አለኝ። የተጻፈ ነገር ስለሌለ ምንም ማለት አልቻልኩም። ከገንዘቡም አብዛኛውን አስቀድሜ ሰጥቼው ነበር። የቀረውን ሊያስተካክል ቢቀጥረኝም ሳይመጣ ቀረ።

ማብሪያ ማጥፊያዎቹን ሳይፈታ ዙሪያቸውን ነው የቀባው። አንዱን ሶኬት ልፈታ ስል ሽፋኑ ከግድግዳው ጋር በቀለም ተጣብቆ የግድግዳውን ቀለም ይዞ ተነሳ። ዛሬም ሳየው ይከነክነኛል። ወለሉ ላይ ጋዜጣ ነበር ያነጠፈው። ጋዜጣ ቀለም ያሳልፋል። ዞኮሎው ላይ፣ ማለትም ከግድግዳው ሥር ባለው ጠርዝ ላይ፣ የተንጠባጠበውን ለመፋቅ አንድ ሙሉ ቅዳሜ ፈጀብኝ።

ዘንድሮ መኝታ ቤቱን ሳስቀባ በአንድ ገጽ ወረቀት ጻፍን፣ ሁለታችንም ፈረምን። የትኞቹ ክፍሎች፣ ኮርኒሱና በሮቹ ይጨመራሉ ወይስ አይጨመሩም፣ ከፕራይመር ሌላ ስንት እጅ፣ የቀለሙ ዓይነትና ቁጥር፣ ቀለሙን ማን ይገዛል፣ እቃ ማን ያወጣል፣ ማን ያጸዳል፣ መቼ ተጀምሮ መቼ ያልቃል። ክፍያውን በሦስት ከፈልነው። ትንሽ መጀመሪያ፣ ስቱኮው ታሽቶ ሲያልቅ መሃል ላይ፣ የመጨረሻው ደግሞ በቀን ብርሃን አብረን ካየነው በኋላ። ሰውየው ቅር አላለውም፤ እንዲያውም "እኔንም ይጠብቀኛል" አለኝ። እውነቱን ነው። እሱም ሳይከፈለው የቀረበት ቤት አለ።

ሦስተኛ ፎቅ፦

ስለ ልጆቹ እኔ ልመልስ። ትልቋ ልጄ አስም አለባት፤ ስለዚህ ይህን ጉዳይ በደንብ አጣርቼበታለሁ።

ፕላስቲክ ቀለም ሽታው ቀላል ነው፣ ሆኖም ሽታ የለውም ማለት አይደለም። ለበርና ለመስኮት የሚሆነው የዘይት ቀለም ግን ይከብዳል፤ ቲነሩም ይጨመርበታል። መኝታ ቤቶቹን በየተራ አስቀቢ። አንዱ ሲቀባ ሁላችሁም ሌላው ውስጥ እደሩ። መስኮት ይከፈት። የመኝታ ቤቱ ቀለም ስለደረቀ ብቻ ያን ዕለት ማታ ልጆቹን አታስተኚበት። እኛ ሽታው ፈጽሞ እስኪጠፋ ሦስት ሌሊት ጠበቅን። በሮቹ በሚቀቡበት ቀን ዘመድ ቤት ብትውሉ ይሻላል።

እኔን ከሽታው በላይ ያሳሰበኝ አቧራው ነው። ቤቱ አሮጌ ከሆነ የድሮው ቀለም ውስጥ ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖር ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የማያስከትል የሊድ መጠን የለም ይላል። በጣም የሚጎዳው ደግሞ እንደ ልጆችሽ ያሉትን ሕፃናት ነው፤ መሬት ይነካሉ፣ እጃቸውን ወደ አፋቸው ይወስዳሉ። ስለዚህ ቤቱ መቼ እንደተሠራ ጠይቂ። ጥርጣሬ ካለ ቀለሙ ሳይመረመር በደረቁ እንዳይታሽ። ሊድ ባይኖርበትም የስቱኮ አቧራ በጣም ደቃቅ ነው፣ በበር ሥር ያልፋል። እኛ የበሩን ሥር በእርጥብ ፎጣ ደፈንነው፤ በላስቲክም ሸፈንነው። እንዲያም ሆኖ ቁም ሣጥን ውስጥ አገኘሁት።

አንድ ነገር ልጨምር። በዘይት ቀለም የራሰ ጨርቅ ተጨብጦ ጥግ ላይ እንዳይጣል። እየደረቀ ሲሄድ ሙቀት ይፈጥራል፤ በራሱ ሊነድ ይችላል። ውጭ ተዘርግቶ ይድረቅ።

የመንታ እናት፦

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ማታ ባትሪውን ሞከርኩት። ጋሽ ባለሩሎ፣ ያሉት በሙሉ ልክ ነው። ባለቤቴን ጠርቼ አሳየሁት፤ ዝም ብሎ ቆመ። ከመስኮቱ ጥግ የሚነሳ ስንጥቅ አለን፣ ሰባት ዓመት አብረነው ኖረን አላየነውም።

ሁለት ጥያቄ ልጨምር። ኮሪደሩ በየጊዜው መታጠብ አለበት፤ ምን ዓይነት ቀለም ይሻላል? በሮቹ ደግሞ የድሮ ናቸው፣ የተቀቡት በዘይት ቀለም ይሁን በፕላስቲክ አላውቅም። ላያቸው ላይ ፕላስቲክ ቀለም ቢደረብ ይይዛል?

ባለሩሎ፦

ለኮሪደሩ ትንሽ የሚያብለጨልጭ፣ የሚታጠብ ቀለም ይሁን። ጨርሶ የማያብለጨልጨው ጉድለት ይደብቃል፤ ግን ስትፈትጊው ምልክት ይይዛል። እሱን ለኮርኒሱና ለመኝታ ቤት አድርጊው። የሚያብለጨልጭ ከመረጥሽ የኮሪደሩ ስቱኮ በጥንቃቄ መሠራት አለበት፤ ያልኩሽን ባትሪ አስታውሺ። የልጆቹ ከለር ደግሞ ሰም ያለበት ከሆነ ቀለም አይዝም። መጀመሪያ በሳሙና ታጥቦ ይልቀቅ፤ የቀረው በፕራይመር ይታፈን።

በሩን እንዲህ እወቂው። ጥጥ በአልኮል ነክረሽ በማይታይ ቦታ ፈትጊ። ጥጡ ላይ ቀለም ከያዘ ፕላስቲክ ነው። ምንም ካልያዘ ዘይት ነው። ዘይት ከሆነ ልስላሴው በብርጭቆ ወረቀት ይሰበር፣ የሚይዝ ፕራይመር ይቀባ። ያለዚያ ፕላስቲኩ በጥፍር ሲነካ እንደ ልጣጭ ይነሳል።

እቃውን በተመለከተ ትንንሹን፣ ተሰባሪውን፣ ግድግዳ ላይ ያለውን አንቺ አንሺው። ከባዱን ወደ መሃል ስበው የሚሸፍኑት እነሱ ናቸው፤ ግን አስቀድመሽ ተነጋገሪ። ፕላስቲክ ቀለም በአንድ ሁለት ሰዓት ለንክኪ ይደርቃል። ሁለተኛው እጅ አራት ሰዓት ያህል ቆይቶ ነው፤ ቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን እዪ። ሙሉ ለሙሉ እስኪጠነክር ግን ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይፈልጋል። እስከዚያ ግድግዳውን አትጠቢ፣ ሶፋውን ራቅ አድርጊው። የተረፈውን ቀለም በደንብ ከድነሽ የየትኛው ክፍል እንደሆነ ጻፊበት። ልጆች ባሉበት ቤት ታገኚዋለሽ፣ ያስፈልግሻል።

የመንታ እናት፦

ያለበትን ደረጃ ልንገራችሁ። ስድስት ቀን ያለኝን ሰው ደወልኩለት። ሁለት ቀን ላለኝም ደውዬ ስለ እድፉ ጠየቅሁት፤ "ሁለት ጊዜ ስንደርብበት ይጠፋል" አለኝ። ለእሱ አመስግኜ ዘጋሁ።

ስድስት ቀኑ ሰውዬ ተመልሶ መጣ። ወረቀቱን አብረን ጻፍነው። ከፕራይመር ሌላ ሁለት እጅ፣ ለኮሪደሩ የሚታጠብ፣ ሶኬቶቹ ተፈትተው፣ ክፍያው በሦስት። ለሳሎን ግድግዳ ስንት ሊትር እንደሚፈልግ ስጠይቀው ጣቱን እያጠፈ ቆጠረና "አስር ብንይዝ አይቸግረንም" አለ። የኮርኒሱን ጉዳይ የቧንቧ ሠራተኛ አይቶታል፤ ከላይ ካለው መታጠቢያ ቤት አንድ መጋጠሚያ ያንጠባጥብ ነበር፣ ተቀየረ። ቀቢው ግን እስኪደርቅ ኮርኒሱን አልነካም አለ። ስለዚህ ከመኝታ ቤቶቹ ይጀምራል፤ ሳሎኑ መጨረሻ ይሆናል።

በሮቹ ላይ ጥጡን ሞከርኩ። ምንም አልያዘም። ዘይት ናቸው። ነገርኩት፤ "ታዲያ አንድ ቀን ጨምሪልኝ" አለ። ሰባት ቀን ሆነ። እሱ በሮቹን በሚቀባበት ቀን እኔና መንታዎቹ እህቴ ቤት እንውላለን።

ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ይመጣል። መጋረጃዎቹን ዛሬ ማታ አወርዳለሁ።