ብዙ ዓመት መቆየት የቁርጠኝነት ምልክት ነውን?

ጥያቄ፦
የምሠራው በአንድ የግል ባንክ የሰው ኃይል አስተዳደር ክፍል ነው። ከተቀጠሩ ሁለትና ሦስት ዓመት የሆናቸው ሠራተኞች በተከታታይ መልቀቂያ ሲያስገቡ፣ ከ15 ዓመት በላይ ያገለገሉት ግን ከቦታቸው አይነቃነቁም፤ በዚህም ምክንያት ኃላፊዎቻችን «ወጣቱ ቁርጠኝነት የለውም» ከሚል ድምዳሜ ላይ ደርሰዋል። እኔ ግን ሁለቱን ወገኖች በአንድ ሚዛን መመዘኑን ለመቀበል ተቸግሬአለሁ። በዚህ ጉዳይ ዕውቀት ያላችሁ ብታስረዱኝ?

መልስ 1፦
ጥርጣሬዎ ተገቢ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ጆን ማየርና ናታሊ አለን እ.ኤ.አ. በ1991 ባቀረቡት ሞዴል ቁርጠኝነት ሦስት መልክ አለው፦ ድርጅቱን ከመውደድ፣ መልቀቅ ከሚያስከትለው ኪሳራ፣ እንዲሁም ከግዴታ ስሜት የሚመነጭ ነው። ኪሳራውን በመፍራት መቆየት ከአገልግሎት ዘመን ጋር ሊጠነክር ይችላል። በዝቅተኛ ወለድ የቤት ብድር የወሰደ የባንክ ሠራተኛ ሲለቅ ወለዱ የሚጨምርበት ከሆነ፣ የሚያቆየው ፍቅር ይሁን ዕዳ ከውጭ ሆኖ መለየት ያስቸግራል።

በዚያው ዓመት ተመራማሪው አሮን ኮኸን ቀደምት ጥናቶችን አሰባስቦ ባደረገው ትንተና፣ ቁርጠኝነት ከመልቀቅ ጋር ያለው ዝምድና ጠንክሮ የታየው በጀማሪዎች ላይ ነው፤ ከሥራ አፈጻጸምና ከሥራ ከመቅረት ጋር ያለው ዝምድና ግን የበረታው በሥራ ዘመናቸው መገባደጃ ላይ ባሉት ዘንድ ነበር። እኔ እንደምረዳው፣ ቅር የተሰኘ ወጣት ብዙ የሚያስረው ነገር ስለሌለ ይለቃል፤ ቅር የተሰኘ አንጋፋ ግን ወንበሩን ሳይለቅ ልቡ ከሥራው ይወጣል። ኃላፊዎቻችሁ የሚያዩት የመጀመሪያውን ብቻ ይመስለኛል።

መልስ 2፦
ለ22 ዓመታት በአንድ መሥሪያ ቤት አገልግያለሁ፤ ከላይ የተጻፈውም የእኔው ታሪክ ነው። በ12ኛው ዓመት ገደማ የሚገባኝ የደረጃ ዕድገት ሲታለፍብኝ፣ የልጆቼ ትምህርትና የቤቱ ዕዳ ስለያዙኝ ቀረሁ እንጂ ልቤ ሸፍቶ ነበር። መልቀቂያ ስላላስገባሁ የጠየቀኝ አለቃ አልነበረም። በኋላ አዳዲስ ቅጥረኞችን እንዳለማምድ ስመደብ ግን፣ ያካበትሁት ልምድ ለሰው እንደሚጠቅም በዓይኔ በማየቴ የቀድሞ ትጋቴ ተመለሰ። ስለዚህ አንጋፋው ሁሉ በዕዳ ታስሮ የተቀመጠ ነው ተብሎ እንዳይታሰብ አደራ እላለሁ።

ጠያቂው፦
ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። እስካሁን ቃለ መጠይቅ የምናደርገው ለሚለቁት ብቻ ነው፤ ከ10 ዓመት በላይ ያገለገሉትንም በየዓመቱ እንድንጠይቅ ለክፍሉ ኃላፊ በጽሑፍ አቀርባለሁ።