ቡሬን በሬ ያደረገችው ቀጭን መስመር

ጠያቂ፦ ባለማተሚያው (ደብረ ማርቆስ)

ማኅተም፣ ባነርና የሠርግ ካርድ የምሠራባት ትንሽ ማተሚያ ቤት አለችኝ። ሰሞኑን አንድ ሙሽራ ሞባይሉን ከፍቶ የፈረንጅ መጽሔት ሽፋን አሳየኝ። «እንደዚህ ነው የምፈልገው፤ የፊደሉ እግር ወፍራም፣ አግድሙ ፀጉር የሚያህል» አለ። ሳየው ቦዶኒ የሚባለው የላቲን ፊደል ዓይነት (ፎንት) ነው። እንግሊዝኛውን በቦዶኒ ጻፍኩለት፤ አማርኛው ግን አጠገቡ ሲቆም ባላገር መሰለብኝ። ስለዚህ ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ የሚባለውን የአማርኛ ፎንት ኢሉስትሬተር የሚባለው የሥዕል ፕሮግራም ውስጥ አስገብቼ አግድሙን ሁሉ አቀጠንኩት። ኮምፒውተሩ ላይ ልብ ይሰርቅ ነበር፣ እውነቴን ነው።

200 ካርድ በወርቅማ ቀለም በስክሪን ፕሪንት አተምኩ። ሠርጉ ቡሬ ነው። የ«ቡ» ምልክት እልም ብላ ጠፍታ ካርዱ «በበሬ ከተማ» ይላል! ያዩት የሙሽራው እናት ናቸው። ኪሳራው የማን እንደሆነ አትጠይቁኝ። ውበቱን ሳላጣ ምን ላድርግ?

ጣና ዳር፦

ኧረ ወንድሜ፣ ሳቄን አፍኜ ነው የምጽፍልህ። ጥፋቱ የቦዶኒ አይደለም፣ የመጠኑ ነው። ፊደሉ የተሰየመበት ጣልያናዊ ቦዶኒ ከ1768 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፓርማ ላይ የመስፍኑን ማተሚያ ቤት ሲመራ ለየመጠኑ ለየብቻ ነበር ፊደል የሚቀርጸው፤ ወረቀቱም ለስላሳ ነው። የቮግ መጽሔት ሽፋን ላይ የምታየው ዲዶ የሚባለው ተመሳሳይ ፊደልም ያምራል፤ ግን መዳፍ የሚያህል ፊደል ነዋ። አንተ የሽፋኑን ቅጥነት 11 ፖይንት (የፊደል መጠን መለኪያ ነው) ላይ አወረድከው። በስክሪን ደግሞ ቀለሙ የሚያልፈው በጨርቁ ቀዳዳ ነው፤ በጣም የቀጠነ መስመር አይያዝልህም። እኔ ከግማሽ ፖይንት በታች አልወርድም።

የዲማው፦

አባቴ ቁም ጸሐፊ ነበሩ። የመቃ ብዕራቸውን አፍ ሰፋ አድርገው ይቆርጡታል፤ ወደ ታች ሲስቡት ወፍራም እግር፣ ወደ ጎን ሲሄድ ቀጭን ይወጣል። ጣልያን ድረስ ምን አስኬደህ? አንድ ነገር ግን ልብ በል፤ የ«በ»ን ጣሪያ ያቀጥናሉ እንጂ የ«ቡ»ን ምልክት አያቀጥኑም። እንዲያውም ጫፏ ላይ ብዕሩን ጫን ያደርጋሉ። ጣሪያው ቢደበዝዝ አንባቢ አይሳሳትም፤ ካዕቡ ከጠፋ ግን ያው በሬህን ታርዳለህ።

ባለማተሚያው፦

የዲማው፣ እግዜር ይስጥልኝ። ጣሪያውን ቀጭን ትቼ ካዕቡን፣ ሣልሱን፣ ኃምሱን ሁሉ 0.6 ፖይንት አደረግኳቸው። እንግሊዝኛውን ቦዶኒ የሙሽሮቹ ስም ላይ ብቻ፣ በትልቁ አስቀረሁት። ትናንት አንድ ካርድ አትሜ ምንም ሳልነግራት ለባለቤቴ ሰጠኋት፤ «ቡሬ» ብላ አነበበች። ከታች የስልክ ቁጥሩ የተጻፈባት መስመር አሁንም ሳሳ ብላለች፣ እሷን ዛሬ አወፍራታለሁ።

የሙሽራው እናት ከአሮጌው አምስት ካርድ ወስደዋል። ለዘመድ ሊያሳዩ ነው አሉ።