ስልክ ውስጥ ያለ የአሜሪካ መንጃ ፈቃድ ቱሉ ዲምቱ ላይ ያስኬዳል ወይ?

ጥያቄ፦ ከቱሉ ዲምቱ

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? አንድ ነገር ቸግሮኝ ነው። ታላቅ ወንድሜ ሜሪላንድ ነው የሚኖረው። ለገና ይመጣል። መንጃ ፈቃዱን አይፎኑ ውስጥ አስገብቶታል። በቪዲዮ ሲያሳየኝ ፎቶው፣ ስሙ፣ ሁሉም ነገር አለ። «እዚህ ኤርፖርት በዚሁ ነው የማልፈው፤ ፕላስቲኩን ምን አሸከመኝ?» ይላል። እኔ ግን ፈርቻለሁ።

የእማዬን ጉልበት ያማታል። መኪናዬን ይዞ ሶደሬ ፍል ውሃ ሊወስዳት አስቧል። ፈጣን መንገዱ መግቢያ ላይ ወይም አዳማ ትራፊክ ቢያስቆመው ስልኩን ማሳየት ይበቃዋል? ደግሞስ እኛ ፋይዳ ስልካችን ላይ አለን። እሱ በመንጃ ፈቃድ ቦታ አይሠራም? የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።

የገላኑ ሹፌር

እህቴ፣ አይበቃም። ካርዱን ይዞ ይምጣ።

በዚያ መስመር በየቀኑ እመላለሳለሁ። ትራፊክ ሲያስቆምሽ መጀመሪያ የሚለው «መንጃ ፈቃድና ሊብሬ» ነው። ካርዱን ይቀበልሻል፣ ገልብጦ ያያል፣ ምድቡንና ቀኑን ያነባል። ጥፋት ካለ ብዙ ጊዜ ካርዱን ይዞ የቅጣት ወረቀት ይሰጥሻል። መንጃ ፈቃዱ ስልክ ውስጥ ከሆነ ምኑን ይይዛል? ወንድምሽ ስልኩን ከፍቶ በመስኮት አሳልፎ ሊሰጥ ነው? ባንኩም፣ ፎቶውም፣ መልእክቱም እዚያው ውስጥ ነው። በዚህ ላይ ያን ስክሪን ማመን ያለበት ትራፊኩ ነው። የሚያረጋግጥበት ነገር በእጁ ከሌለ ባያምን አልፈርድበትም።

ሲልቨር ስፕሪንግ ያለሁት

እኔም ሜሪላንድ ነኝ፤ ስልኬ ላይ አለኝ። ወንድምሽ ስለ ኤርፖርቱ ያለው እውነት ነው። አሜሪካ ውስጥ ከከተማ ከተማ ስትበሪ ፍተሻው ላይ ስልክሽን ማሽኑ ላይ ታስነኪያለሽ፣ ፊትሽን ለስልክሽ አሳይተሽ ትፈቅጃለሽ፣ ታልፊያለሽ። በአይፎን መጀመሪያ የጀመረችው አሪዞና ናት፣ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2022። ሜሪላንድ በዚያው ዓመት በግንቦት ተከተለች።

ግን የሜሪላንድ መንጃ ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ራሱ የስልኩ ከካርዱ ጋር የሚያዝ እንጂ ካርዱን የሚተካ አይደለም ይላል። የኤርፖርት ፍተሻውም ካርዳችሁን አትተዉ ነው የሚለው። እዚሁ በተሰጠበት አገር እንዲህ ከተባለ፣ ውቅያኖስ ተሻግሮ እንዴት ብቻውን ይሠራል? ለዓለም አቀፍ በረራም ያው ፓስፖርት ነው።

ባንክ ሲስተም ላይ የምሠራ

ሁለት ነገር እየተምታታ ስለሆነ ልለይላችሁ። ስክሪኑ ላይ የምታዩት የካርድ ምስል መንጃ ፈቃዱ አይደለም። ምስልማ ማንም ኮምፒውተር የነካ ልጅ አስመስሎ ይሠራዋል።

ትክክለኛው አሠራር ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ዓለም አቀፍ ደረጃ አለ፤ ቁጥሩ 18013-5 ነው። ጠያቂው ማንበቢያ መሣሪያ ይይዛል። ባለ ስልኩ ኪውአር ኮድ ያሳያል ወይም ስልኩን ያስነካል። ከዚያ ስልኩ «እነዚህን መረጃዎች ጠይቀውሃል፣ ልላክ?» ብሎ ይጠይቀዋል። ሲፈቅድ መረጃው በብሉቱዝ ይሄዳል። ከመረጃው ጋር የሰጪው መሥሪያ ቤት ዲጂታል ፊርማ አለ። ማንበቢያው የሚያረጋግጠው ያንን ፊርማ ነው። አንዲት ፊደል ብትነካ ፊርማው አይገጥምም። ባለ ስልኩ በዚያች ሰዓት ኢንተርኔት ባይኖረው እንኳ ይሠራል።

እኔ በጣም የምወደው ደግሞ ሌላውን ነው። መጠጥ ቤት ዕድሜ ብቻ ከተጠየቀ «ከ21 በላይ ነው» የሚለው ብቻ ይሄዳል። የልደት ቀንም አድራሻም አይሄድም። ፕላስቲክ ካርድ ስትሰጪ ግን ሁሉንም ነው የሰጠሽው።

ስልኩን ለማንም አሳልፎ መስጠትም አያስፈልግም። ችግሩ ማንበቢያው ነው። ቱሉ ዲምቱ የቆመው ትራፊክ የሜሪላንድን ፊርማ የሚያረጋግጥበት መሣሪያ የለውም። ስለዚህ ለእሱ ያ ስልክ ፎቶ ነው። ስክሪንሾት ከሆነማ ጭራሽ።

ከኮዬ ፈጬ

ግን ተስፋ የሚያስቆርጥ አይደለም። ህንድን እዩ። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ዲጂሎከር በሚባለው የመንግሥት መተግበሪያ ውስጥ ያለን መንጃ ፈቃድ እንደ ዋናው ቁጠሩት ተብሎ ለክልሎች ተነግሯል። የአሜሪካዋ ሉዊዚያናም በዚያው ዓመት ስትጀምር መንገድ ላይ ፖሊስ እንዲቀበለው በሕግ ደንግጋ ነው። መጀመሪያ ሕጉ ይምጣ። እኔ ግን ካርዱ ይቅር አልልም። ሰፈራችን መብራት ሲጠፋ ባትሪዬ ቀይ ሆኖ ነው ከቤት የምወጣው። ባለ ቁልፍ ስልክ የያዘ የሲኖትራክ ሹፌርም ሞልቷል።

መንጃ አሠልጣኝ የነበርኩ

ልጄ፣ ዋናው ጣጣ የረሳችሁት ሌላ ነው። ካርዱን ቢይዝም የውጭ ካርድ ነው። የውጭ መንጃ ፈቃድ ወደ እኛ አገር የሚቀየርበት አሠራር አለ። ለዚያ የሚያስፈልገው ዋናው ካርድና በሚመለከተው አካል የተረጋገጠ ሰነድ ነው። ማህተም ስልክ ላይ አያርፍም። አሁን ምን ምን እንደሚጠየቅ መንጃ ፈቃድ ቢሮ ሄደሽ ጠይቂ፤ ወንድምሽም ሳይነሳ እዚያ ያለውን ኤምባሲ ይጠይቅ። እዚህ ከደረሰ በኋላ ከጀመረ የዕረፍት ጊዜው በቢሮ ወረፋ ያልቃል።

ይህን የምለው ትራፊኩን ፈርቼ አይደለም። እግዚአብሔር አያድርገውና አደጋ ቢደርስ፣ ሹፌሩ እዚህ የሚጸና መንጃ ፈቃድ ከሌለው ኢንሹራንሱ አንቺው ላይ ይዞርብሻል። መኪናው ያንቺ ነው። ወረቀቱ ካልደረሰ አንቺ ንጂ፣ እሱ ከእናታችሁ ጋር ከኋላ ይቀመጥ።

ከቱሉ ዲምቱ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስለ ኢንሹራንሱ ጭራሽ አላሰብኩም ነበር። የፋይዳውን ነገርስ?

ባንክ ሲስተም ላይ የምሠራ

ፋይዳ ማን እንደሆንሽ ነው የሚናገረው። በ2015 ዓ.ም. በወጣው የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ፣ ቁጥር 1284፣ ሕጋዊ መታወቂያ ነው። አሥር ጣት፣ ዓይንና ፊት የተሰጠው ለዚያ ነው። መንዳት እንደምትችይ ግን አይመሰክርም፤ እሱ የመንጃ ፈቃዱ ሥራ ነው። ስለዚህ ትራፊክ ፊት በቦታው አይገባም።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር ልለምናችሁ። የፋይዳችሁን ስክሪንሾት በቴሌግራም ለደላላ አትላኩ። ሰሞኑን ኮንዶሚኒየም የሚከራዩ ሰዎች ሲልኩ አይቼ አዝኛለሁ። ለአገልግሎት የሚሰጠው ባለ 16 አሃዙ ቁጥር ነው። ባለ 12 አሃዙ ለራስ የሚያዝ ነው። በስልክ የሚመጣላችሁን የማረጋገጫ ኮድ ደግሞ «ከባንክ ነው» ብሎ ለሚደውል ሁሉ አታንብቡለት። ያቺ ኮድ የእናንተ ፈቃድ ናት።

ከቱሉ ዲምቱ

ለወንድሜ ሁሉንም አነበብኩለት። ካርዱን ይይዛል፤ ሰኞ ኤምባሲውን ይደውላል። እኔም ቢሮው ጋ እሄዳለሁ። ካልደረሰ እኔው እነዳለሁ።

ሲልቨር ስፕሪንግ ያለሁት

ጎሽ። ካርዱንና የተረጋገጠውን ወረቀት ከፓስፖርቱ ጋር በእጅ ቦርሳ ይያዘው በይው። ትልቁ ሻንጣ ውስጥ እንዳይከተው፤ በበዓል ሰሞን ሻንጣ ይዘገያል።