ቴራፒስቴ ዝም አለ፤ ነገ ጠዋት ልሂድ ወይስ ልቅር?

ማዕበል (ጠያቂ)፦
ነገ ጠዋት ቀጠሮ ስላለኝ መልሳችሁን ዛሬ ማታ ባገኝ ትልቅ ውለታ ነው። ባለፈው ቀጠሮ ቴራፒስቴ (በንግግር የሚያክመኝ የሥነ ልቦና ባለሙያ) ፊት ለፊቴ ተቀምጦ አምስት ደቂቃ ለሚሆን ጊዜ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ቆየ፤ የሚሰማኝ የግድግዳው ሰዓት ድምፅ ብቻ ነበር። በመጨረሻ «ዝም ስል ምን ተሰማዎት?» ብሎ ሲጠይቀኝ ንዴቴን መቆጣጠር አቅቶኝ ሰዓቱ ሳያልቅ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አጥቻለሁ፤ ሕክምናውን ከመጀመሬ በፊት ከነበረውም ብሶብኛል። ምክር ፈልጌ የሄድኩ ሰው እንዴት እንዲህ ይደረግብኛል? የማቋረጫ መልእክት ጽፌ ስልኬ ላይ አስቀምጫለሁ፤ ልላከው ወይስ ልሂድ? የሕክምናው ዓይነት ሳይኮዳይናሚክ ይባላል።

ጎህ፦
መልስ ከመስጠቴ በፊት ያልነገሩንን ልጠይቅ። ስንተኛ ቀጠሮዎ ነው? ሐኪም ያዘዘልዎት መድኃኒት አለ? ካለ በንዴት እሱንም አብረው እንዳያቋርጡት። ራስን የመጉዳት ሐሳብ መጥቶብዎት ከሆነ ደግሞ የነገውን ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ዛሬውኑ ወደ ድንገተኛ ሕክምና ይሂዱ፤ ብቻዎንም አይሁኑ። ይህ ከሌለ ምክሬ አጭር ነው፤ ይሂዱና የጻፉትን መልእክት እዚያው ተቀምጠው ያንብቡለት።

የመዝገብ ሰው፦
ነገሩን ከሥሩ ካላየነው ዝምታው ትርጉም አይሰጥም። ይህ ሕክምና የተወለደው ሳይኮአናሊሲስ ከተባለው፣ የኦስትሪያው ሐኪም ሲግመንድ ፍሮይድ ከመሠረተው ሕክምና ነው። ሐኪሙ ብሮየርና ፍሮይድ እ.ኤ.አ. በ1895 ባሳተሙት ሥራ ውስጥ «አና ኦ» የተባለችው የብሮየር ታካሚ ሕክምናውን «የንግግር ፈውስ» ብላ ጠርታዋለች፤ ስያሜው እስከ ዛሬ አብሮት አለ። ታካሚው ወደ አእምሮው የመጣውን ሳያጣራና ሳያሳምር ይናገራል፤ ቴራፒስቱም የሚደጋገመውን፣ የሚዘለለውንና ድንገት የሚቋረጠውን ነገር እየተከተለ ያዳምጣል፤ ስለዚህ ዝምታው ቦታ ይለቅልዎታል። ከሁሉ የሚከብደው ትራንስፈረንስ የሚባለው ነው፤ ቀድሞ በሕይወታችን ትልቅ ስፍራ ለነበራቸው ሰዎች ያደረብን ስሜት፣ ሳናውቀው፣ ዛሬ ፊት ለፊታችን ወደተቀመጠው ሰው ይዞራል። ፍሮይድ «ዶራ» ብሎ የጠራት የ18 ዓመት ታካሚ እ.ኤ.አ. በ1900 መጨረሻ፣ ከ11 ሳምንት በኋላ፣ ሕክምናውን ድንገት አቋርጣ ሄደች፤ እሱም በ1905 ታሪኳን ሲያሳትም ይህን ስሜት በጊዜው ሳያስተውለው እንደቀረ ጽፏል። ስለዚህ በንዴት ተነሥቶ መውጣት በዚህ ሕክምና ታሪክ አዲስ ነገር አይደለም፤ ጥፋቱም ሁልጊዜ የታካሚው አይደለም።

መንገደኛ፦
እኔ የጥያቄውን መነሻ አልቀበልም። ጠያቂያችን «ምክር ፈልጌ ሄድኩ» ይላሉ፤ ሳይኮዳይናሚክ ግን ይህን አድርጉ፣ ያንን ተዉ የሚባልበት ሕክምና አይደለም። የሚፈልጉት የቤት ሥራና በየሳምንቱ የሚለማመዱት ዘዴ ከሆነ፣ ሲቢቲ (አስተሳሰብንና ልማድን በልምምድ የሚለውጥ) የሚባለው ሕክምና ይስማማዎታል፤ ወደዚያ መሄድም ሽንፈት አይደለም።

ማዕበል (ጠያቂ)፦
አራተኛ ቀጠሮዬ ነበር፤ መድኃኒት አልወስድም፤ ራሴን የመጉዳት ሐሳብም የለኝም፤ ስላሰባችሁልኝ አመሰግናለሁ። ስለ አሠራሩ የማውቀው በሳምንት አንድ ቀን ለ50 ደቂቃ እንደምንገናኝ ብቻ ነው። ምናልባት ዝምታ እንደማልችል አስቀድሜ መናገር ነበረብኝ፤ አባቴ ሲቆጣ ለቀናት ዝም ይለን ነበርና። ይህ ግን ከሕክምናው ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም።

የበር እጀታ፦
«የሚያገናኘው ነገር የለም» ያሉትን ዐረፍተ ነገር ነገ እንዳለ ይዘውት ይግቡ። እኔ ሁለት ዓመት ተመላልሻለሁ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ሃምሳውን ደቂቃ በሙሉ ስለ ሥራዬ አወራና፣ ተነሥቼ የበሩን እጀታ ከያዝኩ በኋላ «ለካ ሳልነግርዎት፣ እናቴ ሆስፒታል ገብታለች» ብዬ እወጣ ነበር። ቴራፒስቴ አንድ ቀን «ከባድ ከባዱን የሚነግሩት ለበሩ ነው» አለችኝ። እስከ ቤቴ ድረስ እየተቆጣሁ ሄድኩ፤ በሳምንቱ ግን ከትዳር ጓደኛዬም ጋር እንዲሁ እንደማደርግ ታየኝ። ብሶብኛል ያሉትን በተመለከተ፣ ተከድኖ የኖረ ነገር ሲነካ መጀመሪያ ላይ ስሜት መረበሹ የተለመደ ነው፤ እንቅልፍ ማጣቱ ለሳምንታት ቀጥሎ ሥራ መሥራት እስኪያቅትዎት ከደረሰ ግን ለቴራፒስትዎም ለሌላ ሐኪምም መነገር አለበት።

ዘንባባ፦
ከላይ እንደተባለው ይሂዱ፤ መልእክቱን ያንብቡለት። እኔም የምለው ይህንኑ ነው።

ሚዛን፦
ዝምታን ሁሉ ጥበብ አድርገን እንዳናቀርብ እሰጋለሁ። ገና አራተኛ ቀጠሮው ላይ ላለና አሠራሩ ላልተነገረው ሰው አምስት ደቂቃ ዝም ማለት፣ እንደ እኔ እምነት፣ ደካማ ሥራ ነው። ስለዚህ ዝም የሚለው ለምን እንደሆነ በቀጥታ ይጠይቁት። ሕክምናውን ለስንት ጊዜ እንዳሰበውም ይጠይቁት፤ አጭሩ ዓይነት ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 24 ቀጠሮ ወስዶ በአንድ ጉዳይ ላይ ያተኩራል፤ ረጅሙ ከዓመት በላይ ይሄዳል፤ የጀመሩት የትኛውን እንደሆነ ማወቅ መብትዎ ነው። ንዴትዎን ሲነግሩት ሳይከላከል የሚያዳምጥና የራሱን ድርሻ የሚቀበል ከሆነ ይቆዩ። የሚያሳፍርዎት ከሆነ ሌላ ሰው ይፈልጉ። የፍቅር ግንኙነት የሚጠይቅ ቴራፒስት ካጋጠመዎት ግን ምንም ማብራሪያ ሳይጠብቁ ወጥተው ፈቃድ ለሰጠው አካል ያመልክቱ፤ ለዚህ የትራንስፈረንስ ምክንያት አይሰጠውም። ለመተው ቢወስኑም እንኳ አንድ የመሰናበቻ ቀጠሮ ይያዙ፤ በዝምታ የተጎዳ ሰው በዝምታ ባይለይ እመርጣለሁ።

ጎህ (ከአራት ቀን በኋላ)፦
ጠያቂያችን፣ ቀጠሮው እንዴት ሆነ? መልእክቱንስ አነበቡለት?