ዲያሊሲስ (የኩላሊት እጥበት) ላይ ሰዓቱን በምን ትገፋላችሁ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሱቄን ለልጄ ትቼ ከኮምቦልቻ ደሴ ለዲያሊሲስ እመላለሳለሁ። አንዱ ዙር 4 ሰዓት ነው። ግራ እጄ ፊስቱላ (ለዲያሊሲሱ መርፌ በቀዶ ጥገና የተዘጋጀ የደም ሥር) ስላለበት መርፌው እስኪወጣ አላንቀሳቅሰውም። በአንድ እጅ ጋዜጣ መግለጥ ደግሞ ፈተና ነው! እናንተስ?

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ! እኔ መንዙማ በጆሮዬ ሰክቼ ዓይኔን እጨፍናለሁ። ጋቢ ያዝ። ደሙ ማሽን ውስጥ ዞሮ ሲመለስ ያንቀጠቅጣል፤ የደሴ ብርድ ሲጨመርበትማ አስበው።

መልስ፦ እኔስ ወሬ ነው። አጠገቤ የሚተኙት እማማ ሙዝ ነፍሳቸው ነው። ፖታሲየም የሚባለው ማዕድን ስለሚበዛበት፣ ኩላሊት ሲደክም ደግሞ ስለማይወጣ፣ ተከልክለዋል፤ እሳቸው ግን ነጋ ጠባ ስለ ሙዝ ያወራሉ። ስንስቅ ሰዓቱ ይሄዳል።

ጠያቂው፦ ኧረ እኔን የጎዳኝስ ውሃ ጥሙ ነው፤ እንደልብ አይጠጣ ነገር! የኮምቦልቻን ሙቀት ታውቁታላችሁ።

መልስ፦ በትንሽ ስኒ ጠጣ፤ ጨውም ቀንስ። ጨው ነው የሚያስጠማህ።