የእህቴ ልጅ ከጓደኞቹ ጋር ሸክላ አወጣ፤ ድርሻውን ቢቀበል ቪዛውን ይነካበታል?

የኮሎምቢያ ፓይኩ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። የእህቴ ልጅ እዚህ አሜሪካ በኤፍ-1፣ በተማሪ ቪዛ ነው የሚማረው፤ እኔ ጋ ቤዝመንት ውስጥ ይኖራል። ከክፍል ጓደኞቹ ጋር ባንድ አላቸው፣ እሱ ድራም ይመታል። አሁን አዋጥተው ሸክላ አሳተሙና እየሸጡ ነው፤ ትርፉን እኩል እንካፈል ብለውታል። ከግቢ ውጭ መሥራት እንደማይፈቀድለት አውቃለሁ። ይሄስ ሥራ ይባላል? እናቱ አደራ ብላ ነው የሰጠችኝ።

ሸክላው ግን ግሩም ነው። ሜሎዲክ ሃርድኮር ይሉታል፤ ፈጣን የፓንክ ሮክ ዓይነት ነው። ሲለማመዱ ከላይ ሆኜ ስሰማ የተጣሉ ነበር የሚመስለኝ። ቁጭ ብዬ ሳዳምጠው ለካ ዜማው ጊታሩ ላይ ነው። ድራሙ ይጋልባል፣ ዘፋኙ ይጮኻል፣ አዝማቹ ጋ ሲደርስ ሁሉም ባንድ ድምፅ ይቀበሉታል፤ ልክ ቀረርቶ ላይ እንዳሉ። ሦስተኛው ዘፈን ላይ የኛ ልጅ ድራሙን ድንገት ያቆመውና ቤዙ ብቻውን ይቀራል። እሷን ቦታ ደጋግሜ ነው የምሰማት።

ባለወረቀቱ፦
ወንድሜ፣ በጥሞና አንብብ። ኤፍ-1 ያለው ሰው በትምህርት ወቅት ግቢው ውስጥ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ይሠራል። ከግቢ ውጭ ከሆነ ሲፒቲ ወይም ኦፒቲ የሚባሉት ከትምህርቱ ጋር የተያያዙ የሥራ ፈቃዶች ያስፈልጉታል። ተከፍሎት መድረክ ላይ ድራም ከመታ ሥራ ነው፤ «ጓደኞቼ ናቸው» ብሎ አያመልጥም። የዘፈኑ ባለመብት ስለሆነ የሚመጣለት ሮያሊቲ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱንም ቢሆን ሳንቲም ሳይነካ የትምህርት ቤቱን የውጭ ተማሪዎች አማካሪ ይጠይቅ። ታክስም አለ። ገቢ ካለው 1040-ኤንአር የሚባለውን የታክስ ቅጽ፣ ባይኖረውም ቅጽ 8843 ይሞላል። ለመሆኑ የባንዱ ውል የታለ?

የድሮ ዲሲ፦
ጋሼ፣ ውሉን ይተዉት። እዚሁ አርሊንግተን ያለው ሙዚቃ አሳታሚው ዲስኮርድ ሬከርድስ እ.ኤ.አ. በ1980 ተቋቁሞ ከባንዶች ጋር ያለ ጽሑፍ ውል ነው የሚሠራው፣ ትርፍ ይካፈላሉ። በ1986 የወጣው የዳግ ናስቲ ባንድ «ካን አይ ሴይ» አልበም እዚያው ኢነር ኢር ስቱዲዮ ነው የተቀዳው። አጎቱ ሜሎዲክ ሃርድኮር ካማራቸው ከእሱ ይጀምሩ። ደግሞ ስትሬት ኤጅ የሚባሉት መጠጥ የማይቀምሱ ልጆች የወጡትም ከዚሁ ሙዚቃ ነው፤ ለእናቱ ይንገሯት።

የቢሾፍቱ ልጅ፦
እኔ ያሳዘነችኝ እናቱ ናት። ድራም ሊመታ ነው እንዴ የላከችው? ሐምሌ 2016 ብሩ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ «ዶላሩ ዘንድሮ በረከት አለው» ይሉናል፤ በዚያው ስልክ የዘይቱን ዋጋ ይነግሩናል። ሁለት ሺፍት ሠርቼም አልበቃ አለኝ። ትናንት እናቴ ቡና ስታፈላ በቪዲዮ አየኋትና ሆድ ባሰኝ፣ ከሥራ በፊት መኪና ውስጥ ተቀምጬ አለቀስኩ። እናንተ ስለ ሸክላ ታወራላችሁ።

የኮሎምቢያ ፓይኩ፦
አይዞሽ እህቴ። የልጁ የትምህርት ውጤት ጥሩ ነው፣ ለእናቱም የሚላከው አልተጓደለም።

ባለታክሲ፦
ለምን ይከለከላል? የዲሲን ሃርድኮር መንገድ ከጠረጉት ባንዶች ባድ ብሬይንስ ናቸው፤ ጥቁሮች፣ ራስ ተፈሪያን። እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው ካሴታቸው ሽፋን ላይ መብረቅ ካፒቶሉን፣ የአሜሪካን ምክር ቤት ሕንፃ፣ ሲመታው ይታያል፣ ቀለሙ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ። እነሱ ጃንሆይን እንዲህ ሲያከብሩ የኛ ሰው ያፍርባቸዋል።

ሰሜን ወሎ፦
እዚህ ደግሞ ጃንሆይን ምን አመጣቸው? በ1965 እና በ66 ወሎ በረሃብ ሲያልቅ የደበቀው የማን መንግሥት ነው? አያቴን የቀበርነው ያኔ ነው።

ባለወረቀቱ፦
ሕገ መንግሥት በ1923 የሰጡንስ ማን ናቸው? ታሪክ በሙሉ ይነገር።

ሰሜን ወሎ፦
ሥልጣኑን በሙሉ ለራሱ የሚሰጥ ሕገ መንግሥት! ጋሼ፣ የትኛው ገበሬ ነው ያነበበው?

የኮሎምቢያ ፓይኩ፦
ይቅርታ፣ አማካሪዋ ማክሰኞ ቀጥራዋለች። እስከዚያ ድርሻውን ጓደኞቹ ቢይዙለት ችግር አለው?

ባለታክሲ፦
ይያዙለት ባክህ። የወሎን ነገር በተመለከተ ግን፣ ሰሜን ወሎ፣ ደርግ በ77 ያደረገውን ለምን አታነሳም?